ለድብርት ሕመም የሚሰጠው መድኀኒት ጥቅሙና ጉዳቱ

የሰው ልጅ ከሥጋና ከነፍስ የተሠራ ስለ ሆነ ሕመሙም በሁለቱም በኩል ያገኘዋል። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲያነክስ የሚያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ ንዳድ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱ ጋቢ ደርቦ ያለብሰዋል። ልቡ የተሰበረው ሰው ግን ቁስሉ ከውጭ ስለማይታይ ሰነፍ ነው ይባላል፥ ኩሩ ነው ይባላል፥ እምነቱ ጎድሎ ነው ይባላል። እርሱም ይህን እየሰማ ሕመሙን ይሸሽጋል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሕመም ላይ እንደሚፈጸም ያህል በሌላው ላይ አይፈጸምም።

እርግጥ ነው፥ ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ዘመድ የሞተበት ሰው ቢያለቅስ፥ ከሹመቱ የተሻረም ሰው ቢተክዝ የሰውነት ወግ ነው፤ ይህን የመሰለውን ሐዘን ጊዜና የወዳጅ ማጽናናት ያቀልለዋል። ሐኪሞች የድብርት ሕመም ብለው የሚጠሩት ግን ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ በየቀኑ የሚጸና፥ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረውን ነገር ሁሉ ጣዕም የሚያሳጣ፥ እንቅልፍንና ምግብን የሚያውክ፥ አሳብን መሰብሰብ የሚከለክል፥ ሰውን ባልሠራው በደል እንዲከስስ የሚያደርግ፥ በመጨረሻም ሞትን የሚያስመኝ ሕመም ነው። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ርዳታዎች አንዱ በኪኒን መልክ የሚዋጠው መድኀኒት ሲሆን፥ ስለ እርሱ የሚነገረው ወሬ በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን አእምሮን የሚያደነዝዝ መርዝ ነው ሲል፥ ሌላው ወገን ሐዘንን ሁሉ የሚሽር ተአምር ነው ይላል። ሁለቱም ሳይመዝኑ የሚናገሩ ስለ ሆኑ ነገሩን ከመጀመሪያው ይዞ መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ መድኀኒት የተገኘው በመፈለግ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1952 በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ በስታተን ደሴት በሚገኘው በሲ ቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው በሽተኞች ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኀኒት ቢሰጣቸው፥ ከአልጋቸው መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ይስቁና ይጫወቱ ጀመር። ሐኪሞቹ ይህን አይተው ለሳንባ የታሰበው መድኀኒት ለተከዘ ልብም ይበጅ እንደ ሆነ መመርመር ያዙ፤ በ1957ም ናታን ክላይን የተባለ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር የምርመራውን ውጤት ገለጠ። በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሮላንድ ኩን፥ ለሌላ ዓይነት የአእምሮ ሕመም የታሰበው ኢሚፕራሚን ለዚያ ሕመም ሳይረዳ ቀርቶ በድብርት የተያዙትን ሰዎች እንዳሻላቸው አስታወቀ። ከዚህም በኋላ አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉት ተከተሉ፤ በ1987 መጨረሻም ፍሉኦክሴቲን የተባለው በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደ።

ነገር ግን ጥቅሙ በተገኘበት ጊዜ ጉዳቱም አብሮ ተገኝቷል። ኢፕሮኒያዚድ ጉበትን ስለ ጎዳ ከብዙ አገር ገበያ ወጣ። የእርሱ ወገን የሆኑትን መድኀኒቶች የሚውጡ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆየ አይብ ሲበሉ የደም ግፊታቸው በድንገት እየናረ ለሞት የደረሱ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ ጥቅም ያለው መድኀኒት ሁሉ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለው ሐኪሞቹ ከመጀመሪያው ተማሩ።

አሁን መድኀኒቱ እንዴት ይሠራል ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን የሚባሉ፥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱ ቅመሞች አሉ፤ ከእነዚህ መድኀኒቶች ብዙዎቹ ቅመሞቹ በሕዋሳቱ መካከል ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ያደርጋሉ። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ድብርት ማለት ጨው እንደ ጎደለው ወጥ ሴሮቶኒን የጎደለው አንጎል ነው፥ መድኀኒቱም የጎደለውን ይሞላል እየተባለ ለሕዝብ ሲነገር ኖረ። ይህ አነጋገር ለማስረዳት ቀላል ቢሆንም በማስረጃ አልጸናም፤ በ2022 ብዙ ምርመራዎችን አሰባስቦ የታተመ ጥናት ለዚህ አሳብ አስተማማኝ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጧል። ቢሆንም የአሠራሩ ምክንያት በሙሉ አለመታወቁ መድኀኒቱ አይረዳም ማለት አይደለም። ገበሬ የዝናብን አፈጣጠር ሳይመረምር እህሉ እንደሚበቅል ያውቃል፤ መድኀኒትም የሚፈረድበት በፍሬው ነው።

እንግዲህ ፍሬው ምን ያህል ነው? በ2018 ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የታተመው ጥናት 522 ምርመራዎችንና 116,477 ሰዎችን አጠቃልሎ 21 መድኀኒቶችን መዘነ። ምርመራው የሚደረገው ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን መድኀኒቱን፥ ለሌላው ወገን መልኩ መድኀኒት የሚመስል ነገር ግን ምንም የሌለበት ባዶ ኪኒን በመስጠት ነው። ሁሉም 21ዱ ከባዶው ኪኒን በልጠው ተገኙ። ነገር ግን ብልጫው መጠነኛ ነበረ። በእንደዚህ ያለ ምርመራ በጠቅላላው ሲታይ መድኀኒቱን ከወሰዱት 100 ሰዎች 50 ያህሉ በብዙ ሲሻላቸው፥ ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ ከ35 እስከ 40 የሚሆኑት በጊዜው ብዛት፥ በተስፋና በሐኪሙ እንክብካቤ ይሻላቸዋል። ስለዚህ በመድኀኒቱ ኃይል ብቻ የሚተርፉት ከመቶው 10 ወይም 15 ያህል ናቸው። ይህ ቁጥር ተአምር ለሚጠብቅ ሰው ያንሳል፤ ከእነዚያ ዐሥር ሰዎች አንዱ ለሆነውና ወደ ልጆቹና ወደ ሥራው ለተመለሰው ሰው ግን ሙሉ ሕይወት ነው።

በዚህ ላይ ሻጭ የራሱን ዕቃ እንደሚያመሰግን መዘንጋት አይገባም። በ2008 የታተመ ጥናት ለአሜሪካ የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቀረቡትን 74 ምርመራዎች ቢመረምር፥ ለመድኀኒቱ ከመሰከሩት 38 ምርመራዎች 37ቱ ሲታተሙ፥ ካልመሰከሩት ወይም ካጠራጠሩት 36 ምርመራዎች ግን 22ቱ ፈጽሞ ሳይታተሙ ቀርተዋል፤ 11ዱም መልካም ውጤት እንዳገኙ ተመስለው ታትመዋል። ስለዚህ የምስክሩን ቃል ብቻ ሳይሆን ዝም እንዲል የተደረገውን ምስክር ጭምር መጠየቅ የዳኝነት ሥራ ነው። ሕመሙ ቀላል ሲሆን ሐኪሞች በመጀመሪያ ምክርን፥ ሥራንና እንቅስቃሴን፥ የሰው አለኝታነትን ያስቀድማሉ፤ መድኀኒቱ ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ሕመሙ መካከለኛ ወይም ብርቱ ሲሆን ነው።

ወደ ጉዳቱ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይዘገያል። በሌላ አነጋገር ዕዳው አስቀድሞ ይከፈላል፥ ዕቃው በኋላ ይደርሳል። ይህን ያልተነገረው ሰው መታለሉን ያምናል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ይታሰብ። ለሁለት ወር እንቅልፍ ካጣ፥ ደብዳቤ መጻፍም ካቃተው በኋላ በሚስቱ ልመና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ፍሉኦክሴቲን ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን ሆዱን አቅለሸለሸው፤ በአምስተኛው ቀን ራሱን አመመው፥ ሰውነቱም መቀመጥ እስኪያቅተው ቅብጥብጥ አለ፤ በስምንተኛው ቀን አንድ ጓደኛው መርዝ እንዳበሉት ነገረው። ጸሐፊው ኪኒኑን በዚያ ቀን ቢጥለው ጉዳቱን ተቀብሎ ጥቅሙን ሳያይ ቀረ ማለት ነው። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ፥ ይህ ይመጣብሃል፥ ብዙው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀልልሃል፥ ከበረታብህ ወይም ራስህን የመጉዳት አሳብ ከመጣብህ ሳትውል ሳታድር ተመለስ ብሎ ቢነግረው ኖሮ የጓደኛው ቃል ባላሸነፈው ነበር። ስለዚህ የሐኪም ቃል ራሱ የመድኀኒቱ አንድ ክፍል ነው።

እየቀለሉ ከሚሄዱት በቀር የሚሰነብቱም ጉዳቶች አሉ። ፍሉኦክሴቲንና ወገኖቹ በብዙ ሰዎች ላይ ለትዳር ግንኙነት ያለውን ፈቃድና ኃይል ያሳንሳሉ። ይህ ጉዳት ስለሚያሳፍር ሕመምተኛው አይናገርም፥ ሐኪሙም አይጠይቅም፤ ከዚህም የተነሣ ባልና ሚስት ምክንያቱን ሳያውቁ ይጣላሉ። ቢነገር ግን መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኀኒቱን በመለወጥ ሊረዱት የሚቻል ነው። እንዲሁም አንዳንዶች ሐዘናቸው ቢቀልም ደስታቸውም አብሮ እንደ ደበዘዘ ይናገራሉ። በሽማግሌዎች ላይ መድኀኒቱ በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ አስፕሪንን ወይም አይቡፕሮፌንን ከመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ የጨጓራ መድማትን ሊያበዛ፥ ከትራማዶል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ብርቱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚውጠውን ሌላ መድኀኒት ሁሉ፥ የባህል መድኀኒትም ቢሆን፥ ለሐኪሙ ማስታወቅ ይገባዋል።

አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቀድሞው መድኀኒት ደግሞ አፍን ያደርቃል፥ ሆድን ያደርቃል፥ እንቅልፍን ያበዛል፤ ከጠላ፥ ከጠጅ ወይም ከአረቄ ጋር ሲሆን እንቅልፉና መደንዘዙ ይብሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ከታዘዘው መጠን አብዝቶ የዋጠውን ሰው ልቡን አውኮ የሚገድል መሆኑ ነው። ሞትን ለሚመኝ ሰው የብዙ ወር ኪኒን አንድ ጊዜ ቆጥሮ መስጠት ገመድ አቀብሎ እንደ መሄድ ነው። ብልህ ሐኪም ጥቂት ጥቂቱን ይሰጣል፤ ብልህ ቤተሰብም ኪኒኑን ራሱ ያስቀምጣል።

ለወጣቶች የሚሰጠው ጥንቃቄ የተለየ ነው። በ2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር እነዚህ መድኀኒቶች በልጆችና በጎልማሳነት ባልደረሱ ወጣቶች ላይ ራስን የመግደል አሳብን ሊያነሣሡ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በመድኀኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲታተም አዘዘ፤ በ2007ም ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ድረስ አሰፋው። ለዚህ ምክንያት በሆኑት የልጆች ምርመራዎች ከ100 ሰዎች መድኀኒቱን ከወሰዱት 4 ያህሉ፥ ባዶውን ከወሰዱት 2 ያህሉ እንዲህ ያለ አሳብ ወይም ሙከራ ታይቶባቸዋል፤ ራሱን የገደለ ግን በመካከላቸው አልነበረም። እንግዲህ የዚህ ትርጉም ወጣቱ መድኀኒት ይከልከል ማለት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን አይተው ማለት ነው። እንደዚሁም ድብርቱ ከልክ ካለፈ ደስታና ግለት ጋር የሚፈራረቅበት ሰው ይህን መድኀኒት ብቻውን ቢወስድ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊገፋው ስለሚችል፥ ሐኪሙ ያለፈውን ታሪኩን ሳይጠይቅ አያዝለትም።

ያ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ታግሦ በሁለተኛው ወር ተሻለው ይባል። በሦስተኛው ወር ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ድኛለሁ፥ ከእንግዲህ ኪኒን ለምን? የሚለው አሳብ ነው። ሐኪሞች ግን ሰው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል መድኀኒቱን እንዲቀጥል ይመክራሉ፤ ፈጥኖ ያቆመ ሰው ሕመሙ ሊመለስበት ይችላልና። በ2021 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ምርመራ ውጤት ሲታተም፥ መድኀኒቱን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የኖሩና ለማቆም የሚያስችል ጤና የተሰማቸው 478 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶ፥ ካቆሙት 56 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። ይህ ቁጥር ሁለት ፊት አለው። መቀጠል እንደሚጠብቅ ያሳያል፤ ከቀጠሉትም ብዙዎች እንደ ወደቁ፥ ካቆሙትም ብዙዎች ቆመው እንደ ቀሩ ደግሞ ያሳያል። ስለዚህ ዕድሜ ልክ መውሰድም ሆነ ማቆም ለሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ የለውም።

የሚያቆም ሰውም በድንገት አያቆምም። በ2024 ብዙ ምርመራዎችን አሰባስቦ የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው መድኀኒቱን ካቋረጡት 100 ሰዎች 31 ያህሉ እንደ ራስ ማዞር፥ እንቅልፍ ማጣትና ቁጡነት ያለ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ባዶውን ኪኒን ካቋረጡትም 17 ያህሉ ይህንኑ ተናግረዋል። ስለዚህ በእርግጥ ከመድኀኒቱ መቋረጥ የሚመጣው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዎች በአንዱ ላይ ነው፤ ብርቱ የሚሆነውም ከ35 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ነው። ይህ መከራ ሱስ ተብሎ የሚጠራው አይደለም፤ ሰውነት የለመደውን ነገር በአንድ ቀን ሲያጣ የሚያሰማው አቤቱታ ነው እንጂ። መጠኑን በሳምንታትና በወራት ቀስ በቀስ በመቀነስ ይቀልላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በአንድ ቀን የጣለው ሰው ብዙ ጊዜ በብዙ ወር ይለቅመዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚዛኑ ሙሉ የሚሆነው አንድ የሚረሳ ነገር ሲጨመርበት ነው። ሰዎች የመድኀኒቱን ጥቅም በአንድ ወገን፥ የመድኀኒቱን ጉዳት በሌላ ወገን ያኖራሉ። የሕመሙ ጉዳት ግን ከሚዛኑ ውጭ ይቀራል። ያልታከመ ብርቱ ድብርት ሥራን ያስፈታል፥ ትዳርን ያፈርሳል፥ ልጅን ያለ አሳዳጊ ያስቀራል፥ ነፍስንም ያጠፋል። አፉ የደረቀና ሆዱ የተቅለሸለሸ ሰው ጉዳት አለበት፤ ነገር ግን ሊነጻጸር የሚገባው ከጤነኛ ሰው ጋር ሳይሆን ሳይታከም ከሚቀረው ከራሱ ጋር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ሁለት ወገኖችን በተለይ ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ ሹማምንት ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ትምህርት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ2003 ነው። ሐኪሞቹ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ጥቂት ስለ ሆኑ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች እጅ እንዲደርስ ተሞክሯል፤ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲንም በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኀኒቶች መዝገብ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን መድኀኒቱ በመጋቢት ተገኝቶ በሚያዝያ ከዕቃ ቤት ቢጠፋ፥ ሕመምተኛው ሳይወድ በአንድ ቀን እንዲያቋርጥ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ከላይ የተነገረው የመቋረጥ መከራ የሚደርስበት በራሱ ጥፋት ሳይሆን ጥያቄውን በጊዜ ባልጻፈ የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ የዚህ መድኀኒት መዝገብ አያያዝ የወረቀት ሥራ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሕክምና ነው።

ሁለተኞቹ ካህናት ናቸው። የተጨነቀ ሰው ከሐኪም አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጠበል ነው፤ በዚያም የሚያገኘው ጸሎት፥ ማጽናናትና የሰው አጠገብነት ታላቅ ርዳታ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጠበል የገባ ሰው ኪኒን አይንካ ሲባል ነው። ስለ ኤችአይቪ መድኀኒት ይህን የመሰለ ጥያቄ ተነሥቶ በነበረ ጊዜ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኀኒት እንደማይጣሉ ለምእመናን በግልጥ ተናግረዋል። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍም ሐኪምን ስለ ማክበርና መድኀኒትን ስላለመናቅ የሚያስተምር ቃል እንዳለ ካህናት ያውቃሉ። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ እንጀራና ውሃ አቀረበለት፥ እንዲያርፍም ተወው እንጂ ስለ ተስፋ መቁረጡ አልወቀሰውም። የጾምም ነገር ቢሆን የሚያስጨንቅ አይደለም፤ አሚትሪፕቲሊን በአብዛኛው በማታ፥ ፍሉኦክሴቲንም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለ ሆነ ሐኪሙና የንስሐ አባቱ ተስማምተው ሰዓቱን ሊያስተካክሉት ይቻላል።

እንግዲህ የሁሉ ማጠቃለያ ይህ ነው። መድኀኒቱ ጌታም ጠላትም ሳይሆን አገልጋይ ነው፤ አገልጋይም ሥራው ሲታይ፥ ደመወዙ ሲታወቅና የሚሰናበትበት ጊዜ ሲወሰን ይጠቅማል። ሕመምተኛው የተሰማውን ሳይደብቅ ይናገር፤ ሐኪሙ የሚመጣውን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቀው፤ ሹሙ ዕቃ ቤቱን አያጉድል፤ ካህኑ በአንድ እጁ መስቀሉን ይዞ ሲባርክ በሌላው እጁ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ያመልክት። እያንዳንዱ ድርሻውን ከፈጸመ ያ በመዝገብ ቤት ጥግ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን እንደ ገና ለማንሣት ተስፋ ይኖረዋል።